የመጸው ወቅት ተፈጥሮ በአዲስ አበባ

መጸው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ከአራቱ ወቅቶች አንዱ ሲሆን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። ከክረምት በኋላና ከበጋ በፊት ይመጣል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ ጊዜ በአብዛኛው የዛፍ ቅጠል የሚረግፍበት ነው። በአዲስ አበባ ግን ዝናቡ አባርቶ ሜዳው የሚያብብበትና ከሩቅ አገር የመጡ ወፎች የሚታዩበት ነው። ስለዚህ በከተማዋ የወቅቱን ለውጥ መከታተል የሚፈልግ ሰው ከዛፉ ይልቅ ሣሩን፣ አበባውንና ሰማዩን ማየት ይኖርበታል።

ዕፅዋት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በአካባቢው በብዛት የሚታዩት ባሕር ዛፍ፣ ጽድና ወይራ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። የወቅቱ ዋና ምልክት ዐደይ አበባ ነው። በሳይንሳዊ አመዳደብ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ነው። መስከረም ላይ ያብባል፤ ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ጠውልጎ ዘር ይጥላል፣ ሣሩም ይቢጫል። ዘሩ ሳይበስል ከተቀጠፈ ወይም ሜዳው በግንባታ ከተያዘ በዚያ ቦታ ለከርሞ የሚተርፈው ዘር ይቀንሳል።

አዕዋፍ

የወቅቱ ወፎች በሁለት ይከፈላሉ።

ነዋሪዎች፦ ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስለው ርግብ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ረጅምና ቆልማማ መንቁሩን ሣር ውስጥ እየሰካ ትል የሚለቅመው፣ ሲበርም ጮክ ብሎ የሚጮኸው ትልቅ ወፍም እንዲሁ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው።

እንግዶች፦ ጭራዋን ዘወትር የምታወዛውዘው ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍና ስቴፕ ንስር ከሰሜን ይመጣሉ። ንስሩ ከሩስያና ከመካከለኛው እስያ ተነሥቶ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይሻገራል። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በዚህ መተላለፊያ በተደረገ ቆጠራ ከ240,000 በላይ አዳኝ አዕዋፍ ታይተዋል። ስቴፕ ንስር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል።

አጥቢ እንስሳት

ጅብ ሌሊት ወደ ከተማዋ እየገባ ጥንብና ቆሻሻ ይበላል። በእንጦጦ ደን ውስጥ ደግሞ የምኒልክ ድኩላ ይኖራል። ሁለቱንም ከሩቅ መመልከት ያስፈልጋል፤ ወደ ጅብ ጉድጓድ መጠጋት አደገኛ ነው።

አከታተል

1. አንድ ቋሚ ቦታ መምረጥ፤ የግቢ ጥግ ወይም የወንዝ ዳር ይበቃል።
2. በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ማየት።
3. የመጀመሪያው አበባ የፈነዳበትን፣ የመጨረሻው የጠወለገበትንና እንግዳ ወፍ የታየበትን ቀን መጻፍ።
4. ፈልጎ ያጡትንም መመዝገብ።
5. የዘመን አቆጣጠሩን መግለጽ። በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይገፋል፤ ይህ ካልታሰበ አበባው በ1 ቀን የቀደመ ይመስላል።

ፎቶግራፍ ያለው ሰው አይናቹራሊስት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሊያስገባው ይችላል፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርያውን በመለየት ያግዛሉ።

ጥቅሙ

የአንድ ዓመት ማስታወሻ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋጋ የሚያገኘው ሲደጋገም ነው። በጃፓን ኪዮቶ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ቀን ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተለያዩ ጽሑፎች ሰፍሯል። የ2021 እ.ኤ.አ. አበባ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ የቀደመ መሆኑ የታወቀው በዚህ መዝገብ ነው። በአዲስ አበባም ዐደይ የሚያበቅል ሜዳ ሲጠፋ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ማወቅ የሚቻለው አስቀድሞ የመዘገበ ሰው ካለ ነው።