ያልታወቀውን ቍጥር በስም ስለ መጥራት

ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያመጡት አልጀብራ የሚባለው ሒሳብ ለቤት የማይረባ የፊደል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ሁለት ወንድማማቾችና እኅታቸው ለመካሰስ በደረሱ ጊዜ ያየነው ነገር አሳባችንን ለወጠው።

አባታቸው ሲሞት 660 ብር ትቶ፥ «ለእኅታችሁ የታላቁ እጥፍ ይሁን፤ ለታናሹም ከታላቁ 60 ብር ይብለጥለት» ብሎ ተናዞ ነበር። ታላቁም፥ አንድ አንድ እጅ ለወንዶቹ፥ ሁለት እጅ ለእኅቲቱ ብሎ ገንዘቡን ባራት ከፈለና ለራሱ 165፥ ለእርስዋ 330 ብር ቈጠረ። የተረፈው 165 ብር ብቻ ስለ ሆነ ታናሹ፥ «60 ብሬን በላኸኝ» ብሎ ጮኸ። ታላቁም እንዳልበላ ሊምል ተነሣ። በእውነቱ የበላ ሰው አልነበረም፤ ስሕተቱ ከሒሳቡ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ተማሪ የሆነች የታላቁ ልጅ ደብተሯን ይዛ ቀረበችና፥ «የአባቴን ድርሻ ገና አናውቀውም፤ እስኪታወቅ ድረስ ስሙን ሀ እንበለው» አለች። እንግዲህ የታላቁ ሀ፥ የእኅቲቱ ሁለት ሀ፥ የታናሹ ሀና 60 ነው። ሲደመር አራት ሀና 60 ይሆናል፤ ይህም ከ660 ጋራ ትክክል ነው። ሁለቱ ወገን እንደ ሚዛን ነውና ካንዱ የተነሣው ያህል ከሌላውም ይነሣል። ከሁለቱም 60 ሲነሣ አራት ሀ 600 ይሆናል፤ ባራት ሲከፈል ሀ 150 ነው። ስለዚህ ለታላቁ 150፥ ለታናሹ 210፥ ለእኅታቸው 300 ብር ደረሰ። ልጅቱም ሦስቱን ደምራ 660 መሙላቱን፥ እያንዳንዱም ድርሻ ከኑዛዜው ቃል ጋራ መስማማቱን አሳየች። ታላቁ 15፥ እኅቲቱም 30 ብር ቢጐድልባቸው እንኳ ከክርክር ይልቅ እርቁን ወደዱ።

ይህ ጥበብ የጥንት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ የግብፁ ጸሐፊ አሕሞስ በገለበጠው መጽሐፍ ያልታወቀው ቍጥር «ብዛት» ይባል ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት የባግዳዱ ሊቅ አልኸዋሪዝሚ በዐረብኛ «ነገር» አለው፤ አልጀብራ የሚለውም ስም ከመጽሐፉ አርእስት የወጣ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውርስ ስለ ማካፈል ብዙ ጽፏል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በእንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቸገር መልሱን ለማግኘት አታስቸኵሉት። አስቀድማችሁ፥ «የማይታወቀው ምንድር ነው? ምንስ ከምን ጋራ ይተካከላል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ካገኘ በኋላ ወደ ጥያቄው ቃል ተመልሶ ይመርምረው፤ ያልተመረመረ ሒሳብ ምስክር እንደሌለው ነገር ነውና። አለማወቁን ሳያፍር ስም ሰጥቶ በትዕግሥት የሚፈልግ ልጅ፥ ካደገ በኋላም ወንድሙን ሳይመረምር ሌባ አይለውም።