አምስት ስኒ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ናሙና ከቴፒ ይምጣ ከበበቃ፣ ከሸኮ ይምጣ ከጌሻ፣ ቡና ቀማሽ ፊት የሚቀርበው በአንድ ስኒ አይደለም። አምስት ስኒ ይደረደራል። ያው ቡና፣ ያው አቆላል፣ ያው ውሃ ነው። እቤት ቢሆን ጀበናው አንድ፣ አቦሉም አንድ ነው። እዚህ ለምን አምስት ሆነ? የዚህን መልስ ያወቀ የቅምሻን ግማሽ አወቀ ማለት ነው።

መልሱ አፈጫጨቱ ላይ ነው። ናሙናው ባንድነት አይፈጭም፤ ለየስኒው 8 ግራም ያህል ፍሬ እየተመዘነ ለየብቻው ይፈጫል። ስለዚህ አንዲት የኮመጠጠች ፍሬ ብትኖር የምታበላሸው የገባችበትን ስኒ ብቻ ነው። አራቱ ስኒ ንጹህ ሆኖ አንዱ ብቻ ከሸተተ፣ ጥፋቱ የለቀማና የመረጣ ነው፤ አንድ መጥፎ ፍሬ ከእጅ አምልጧል። አምስቱም እኩል ከሸተቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቡናው በሙሉ ያለፈበት አንድ ቦታ፣ የማብላያ ገንዳው ወይም ማድረቂያ አልጋው ወይም መጋዘኑ፣ ተበድሏል።

ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውሃ ይፈስበታል፣ አራት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ዱቄቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቡናማ ክዳን ይሠራል። ቀማሹ ጎንበስ ይልና አፍንጫውን ስኒው ላይ አስጠግቶ በማንኪያ ጀርባ ክዳኑን ይሰብራል። ታፍኖ የቆየው እንፋሎት በዚያች ቅጽበት ይወጣል፤ ሻጋታም ካለ፣ የአፈር ሽታም ካለ መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ከዚያ አረፋው ይጠረጋል፣ ቡናው ሲቀዘቅዝ በማንኪያ ፉት እየተባለ ይቀመሳል፣ ይተፋል። ሞቅ እያለ የተደበቀ ጉድለት ሲቀዘቅዝ ስለሚወጣ አንዱ ስኒ ደጋግሞ ይቀመሳል።

ዓለም ለረጅም ዓመታት የሠራበት ባለ 100 ነጥብ ቅጽ አሥር መስመር አለው። ሰባቱ ለመዓዛ፣ ለጣዕም፣ ለአሲድነት፣ ለውፍረትና ለመሳሰሉት ናቸው። ሦስቱ ደግሞ የአምስቱን ስኒዎች ተመሳሳይነት፣ ንጽሕናና ጣፋጭነት ይለካሉ፤ በየመስመሩ ለአንድ ስኒ 2 ነጥብ ይያዛል። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ ይባላል። እንበልና ሰባቱ መስመሮች 50.75 ሰጡ፣ ሦስቱ ሙሉ 30 ሰጡ፤ ድምሩ 80.75 ነው፣ 80ን አልፏል። ያው ቡና ከአምስቱ አንዱ ስኒ ቢሸት ከተመሳሳይነት 2፣ ከንጽሕና 2 ይጎድላል፤ በቀላል ጉድለት ደግሞ ሌላ 2 ይቀነሳል። 74.75 ሆኖ ቁጭ ይላል። ስድስቱ ነጥብ የሄደው በአንዲት ፍሬ ነው። ድምሩን ብቻ ያየ ገበሬ ቡናዬ መጥፎ ነው ብሎ ይሄዳል፤ መስመሮቹን ያነበበ ግን መልካም ቡና እንዳለውና መረጣው ላይ ብቻ እንደተሸነፈ ያውቃል።

ኢንተርኔት ላይ ፖከር የሚጫወቱ ብርቱ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ከዚህ ይቀራረባል። የተጫወቱት እጅ ሁሉ ይመዘገባል፤ ኋላ ተቀምጠው የት የት ላይ እንደሚከስሩ በቁጥር ይፈልጋሉ። የደረሳቸውን ካርታ መለወጥ አይችሉም፣ አጨዋወታቸውን ግን ይችላሉ። የበበቃና የቴፒ ቡናም የደረሰው ካርታ አለ፦ መሬቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከባህር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 1,200 ሜትር አካባቢ። በዚህ ከፍታ ፍሬው ቶሎ ስለሚበስል እንደ ደጋ ቡና ሹል አሲድነት አይጠበቅበትም። ጥላ ዛፍ አብሳሉን ያዘገየዋል እንጂ ማሳውን ተራራ ላይ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ አሲድነት 7 ብቻ አገኘ ብሎ ማዘን ከንቱ ድካም ነው። ንጽሕናው ላይ የጎደለው ግን ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ነው።

በዚህ አካባቢ ትልቁ ፈተና ዝናብ ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡናው ከደጋው ቀድሞ ስለሚደርስ ለቀማው ዝናቡ ሳያባራ ይጀመራል። ቀይ ተለቅሞ በጆንያ ያደረ እሸት ይግላል፣ ይኮመጥጣል፤ ቅምሻው ላይ እንደ ኮምጣጤ ይመጣል። አልጋ ላይ ግማሽ ደርቆ ዝናብ የነካው ሻጋታ ይሸታል። መሬት ላይ የተሰጣው አፈር አፈር ይላል። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ሙልጭ ተደርጎ የተለቀመ እንደሆነ ደግሞ ሲቆላ ይታወቃል፦ ጥቁር ቡናማ በሆነው የተቆላ ቡና መካከል ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎች ያፈጣሉ፤ ጥሬ ሳሉ ከጓደኞቻቸው የሚለያቸው የለም ማለት ይቻላል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ መጋዘን የገባ ቡና ዛሬ መልካም ቢቀመስ እንኳ ከሁለት ወር በኋላ ላይደገም ይችላል።

ቡና በ2001 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ነጥቡ 40 ለጥሬው፣ 60 ለቅምሻው ተከፈለ። ደረጃው በግልጽ ነጥብ መለካቱ ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ አንድ ላይ ስለሚከማች ነጥቡ የማን አልጋ እንደሆነ መለየት ቸገረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣ የጌሻ ዘር፣ ታንዛኒያንና ኮስታሪካን አቋርጦ ፓናማ ደርሶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ውድድር ሲያሸንፍ፣ የፓናማ ገበሬዎቹ ያንን ዘር ከሌላው ለይተው ለብቻው ቀምሰውት ነበር። ቀላቅለው ቢሆን ኖሮ ምን እንደያዙ ባላወቁ ነበር።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። እያንዳንዱ አልጋ ቁጥር ይኑረው፤ የተለቀመበት ቀን፣ ገንዳ ውስጥ የቆየበት ሰዓት፣ ዝናብ የመታው ቀን በደብተር ይጻፍ። ቅምሻው ሲመጣ ነጥቡ ከአልጋው ቁጥር ጎን ይስፈር። አንድ ወረቀት ብዙም አይናገርም፤ የአንድ ቀን ዝናብ ሊያሳስት ይችላል። የሁለት ወቅት ወረቀት ሲደራረብ ግን ሻጋታው ሁልጊዜ ከዳር ካለው፣ የዝናብ መከላከያ ሸራው ከማይደርስለት አልጋ እንደሚመጣ ይታያል።

ውጤቱንም በቁጥር ብቻ ለገበሬው መላክ አይበቃም ባይ ነኝ። የቡና ቅጠል ሳይቀር በቅመም አፍልቶ የሚጠጣ አገር ምላሱም አፍንጫውም የሠለጠነ ነው። ከሸራ በታች የደረቀውንና ዝናብ የመታውን በሁለት ስኒ ቀድቶ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩ፣ አልጋውን ለጠበቀችው ሴት ማቅረብ ነው። አንድ ጊዜ አሽትታ የራስዋን ትለያለች።