የወንድ ዘርና እንቁላል የሚተዋወቁባቸው ፕሮቲኖች ለምን በፍጥነት ይለወጣሉ?

ከዴንቨር በስተምሥራቅ የምትዋሰነው ኦሮራ በርካታ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን የመሠረቱባት ከተማ ናት። በዚህችው ከተማ፣ ቀድሞ ፊትዝሲሞንስ የተባለው የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነበረበት ሥፍራ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትስ የሕክምና ካምፓስ ይገኛል። በካምፓሱ ከሚሠሩት ተመራማሪዎች አንዷ የናቫሆ ሕዝብ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ካትሪና ክሎው ናቸው።

ዶክተር ክሎው ዛሬ የሚያጠኑት አንድ ዓይነት መድኃኒት በተለያዩ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ለምን የተለያየ ውጤት እንደሚያሳይ ነው። የሳይንስ ጉዟቸው የተነሳው ግን ከሌላ ጥያቄ ነበር። በሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪያቸው የመረመሩት የመራቢያ ፕሮቲኖችን ዝግመተ ለውጥ ነው።

ያልተጠበቀው ፍጥነት

ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነገር ሳይለወጥ ይኖራል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ለምሳሌ በሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ከሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ከ102 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን፣ የአተሩና የላሙ የሚለያዩት በ2 አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው።

ያለ ፅንስ ትውልድ አይቀጥልም። ስለዚህ የወንድ ዘርና እንቁላል የሚገናኙባቸው ፕሮቲኖችም እንዲሁ የጸኑ መሆን ነበረባቸው። ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ በእንስሳት ዘንድ እጅግ ፈጥነው ከሚለወጡት መካከል ናቸው።

ይህ እንዴት ይታወቃል? በአማርኛ "ሰማ" የሚለውን ቃል በ"ሠ" ብንጽፈው ትርጉሙ አይለወጥም። "ለማ" ብለን ብንጽፈው ግን ሌላ ቃል ይሆናል። በዘረ መል ውስጥም ፕሮቲኑን የማይነኩና ፕሮቲኑን የሚቀይሩ የፊደል ለውጦች አሉ። የሁለት ዝርያዎች ዘረ መል ሲነጻጸር ፕሮቲኑን የሚቀይሩት ለውጦች ከሚጠበቀው በላይ ከበዙ፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ ለውጡን እየገፋው እንደሆነ ይገመታል። በመራቢያ ፕሮቲኖች ላይ በተደጋጋሚ የታየውም ይኸው ነው።

ከባሕር ቀንድ አውጣ እስከ ጎሪላ

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው አባሎኒ የተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ወንዱና ሴቷ ዘራቸውንና እንቁላላቸውን ወደ ባሕር ይለቃሉ። በካሊፎርኒያ ጠረፍ በርካታ የአባሎኒ ዝርያዎች ተቀራርበው ስለሚኖሩ፣ የአንዱ ዘር ከሌላው እንቁላል ጋር ሊገናኝ ይችላል። ይሁንና የወንዱ ዘር የሚያመነጨው ላይሲን የተባለ ፕሮቲን የእንቁላሉን ሽፋን በሚገባ የሚፈታው የራሱ ዝርያ እንቁላል ሲሆን ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ሲለወጥ ላይሲንም ይከተለዋል። ቁልፉና መቆለፊያው አብረው ይለዋወጣሉ ማለት ነው።

ዶክተር ክሎው ትኩረታቸውን ያደረጉት ሰውን ጨምሮ በጦጣና ዝንጀሮ ወገን ላይ ነበር። በዚህ ወገን የመጋባት ሥርዓቱ ይለያያል። የቺምፓንዚ ሴት ከበርካታ ወንዶች ጋር ትገናኛለች። በጎሪላ መንጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የበላይነቱ የአንድ ወንድ ነው። የቺምፓንዚ የዘር ፈሳሽ ረግቶ እንደ ውታፍ ይጠነክራል፤ ይህም ተከትሎ የሚመጣውን ወንድ ዘር ለማገድ እንደሚረዳ ይታመናል። እንዲህ ያለ ፉክክር በሌለበት በጎሪላ ዘንድ ፈሳሹን የሚያረጉት ዘረ መሎች ሥራቸውን እያጡ መምጣታቸው ታይቷል።

እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የተለያየ የመጋባት ሥርዓት ባላቸው ዝርያዎች የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ዓይነትና መጠን አነጻጽረዋል።

እንቁላል ዝም ብላ አትጠብቅም

ለፍጥነቱ የሚሰጠው ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። አንዱ በወንድ ዘሮች መካከል ያለው ፉክክር ነው። ሌላው የእንቁላሏ ጥንቃቄ ነው። ሁለት የወንድ ዘሮች ወደ አንዲት እንቁላል ከገቡ ፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ አይዘልቅም። ስለዚህ ለወንዱ ዘር መፍጠን ሲበጀው፣ ለእንቁላሏ የሚበጃት ማዘግየትና መምረጥ ነው። አንዱ ሲራመድ ሌላው መልስ ይሰጣል።

በአጥቢ እንስሳት በ2005 ኢዙሞ የተባለ ፕሮቲን በወንዱ ዘር ላይ፣ በ2014 ደግሞ አጣማሪው ጁኖ በእንቁላል ላይ ተለይተዋል። ኢዙሞ የተሰየመው ከጋብቻ ጋር በተያያዘ የጃፓን ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ ጁኖ የጥንት ሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም ነው። ሁለቱ ከተጣመሩ በኋላ ጁኖ በደቂቃዎች ውስጥ ከእንቁላሏ ገጽ ላይ ይረግፋል፤ በሩም ይዘጋል።

ይህ እውቀት ከቤተ ሙከራ ያለፈ ፋይዳ አለው። በ2014 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ለታየ መካንነት ምክንያቱ የእንቁላል ሽፋንን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች በአንዱ ዘረ መል ላይ የደረሰ ለውጥ ሆኖ ተገኝቷል። መፀነስ የሁለት ወገን መጣጣም እንጂ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚጣል ዕዳ አለመሆኑንም ያስታውሳል።

ልዩነቱ የማን ተጠና?

የዘረ መል ጥናት የቆመው በአብዛኛው ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች መረጃ ላይ ነው። ዶክተር ክሎው ከመራቢያ ፕሮቲኖች ወደ መድኃኒትና ዘረ መል ዝምድና ሲሸጋገሩ ያተኮሩት በተዘነጉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ነው። እነዚህ ሕዝቦች ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አላቸው። የሃቫሱፓይ ሕዝብ ለስኳር በሽታ ጥናት የሰጠነው ደም ያለፈቃዳችን ለሌላ ምርምር ውሏል ሲል ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተሟግቶ፣ በ2010 በስምምነት ካሳ አግኝቷል፤ የደም ናሙናውም ተመልሶለታል። የናቫሆ ሕዝብ ደግሞ በ2002 በምድሩ የዘረ መል ምርምርን አግዷል። ዶክተር ክሎው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2018 ያቀረቡት መመሪያ፣ ምርምር ከመጀመሩ በፊት ማኅበረሰቡ አጋርና ወሳኝ እንዲሆን ይጠይቃል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያብላላውን ዘረ መል ከተለመደው በላይ በሆነ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል። ይህ ዘረ መል ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ስለሚያመርት ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይመከር ያስታወቀው እንዲህ ባለው ስጋት ነው።

በባሕር ቀንድ አውጣ እንቁላል ላይ የታየው ለውጥ በሰው ጉበት ውስጥም በሌላ መልኩ ይታያል። የሕይወት መሠረት የሆኑት ፕሮቲኖች ከዝርያ ዝርያ፣ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ልዩነቱን ሳያዩ "ለሁሉም" ተብሎ የተቀመጠ መጠን ደግሞ ላልተጠኑት ላይስማማ ይችላል። በኦሮራም ሆነ በአዲስ አበባ የሐኪም ማዘዣ የሚቀበል ሰው፣ መድኃኒቱ ለእሱ እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።