ካሬና መስመር ለማተም ይቀላል?

«ካሬና መስመር እኮ ነው፤ የትኛውም ማተሚያ ቤት ያወጣዋል፤ አክሪሊኩ ወፈር ካለ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይቆያል።» ጂኦሜትሪያዊ አብስትራክት ሥዕል በአክሪሊክ ታትሞ ሳሎኑ ውስጥ እንዲሰቀል የሚፈልግ ሰው ይህን መስማቱ አይቀርም። የመጀመሪያው አባባል ነገሩን ገልብጦ ያየ ነው። በደን ፎቶግራፍ ላይ ቀለሙ ትንሽ ቢዛባ ቅጠሉ ይሸፍነዋል። ሰፊና ወጥ ቀይ ግን መሸሸጊያ የለውም፤ የማተሚያው ራስ የተመላለሰበት ዱካ ሰንበር ሆኖ ሊቀርበት ይችላል። «ከሦስት ሜትር ርቀት ማን ያየዋል?» ለሚለው፣ ክርክሩ ለፎቶግራፍ ያስኬዳል፤ ለመስመር አያስኬድም። የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ከማየት ይልቅ የመስመርን መዛነፍ በማወቅ በብዙ እጥፍ የሠላ ነውና፣ የሰያፍ መስመር ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሲሠራ ሩቅ ሆኖም ያስታውቃል። 1 ሜትር ስፋት በኢንች 150 ነጥብ ይታተም ቢባል 5,900 ያህል ፒክስል ይጠይቃል፤ ከኢንተርኔት የወረደች ትንሽ ምስል ይህን አትሸከምም። በኮምፒውተር በቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በስሌት በሚሠራ መስመር፣ የተነደፈ ሥራ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢለጠጥ ጠርዙ አይሻክርም።

ደግሞስ እነዚህ ሥዕሎች ለጥ ያሉ ናቸው ያለው ማን ነው? የሰዓሊው ሞንድሪያን የ1930 (እ.ኤ.አ.) ሥራ፣ ያ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ያለበት፣ ጎኑ 46 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የብሩሹም አካሄድ በነጩ ላይ ሳይቀር ይታያል። የሰዓሊው ማሌቪች የ1915 (እ.ኤ.አ.) «ጥቁር ካሬ» ተሰነጣጥቆ ከሥሩ የተሳለው ቀለም ብቅ ብሏል። አክሪሊክ ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት አንጸባራቂ ገጽ ይተካዋል። ለእኔ ከዚህ ቁስ ጋር ይበልጥ የሚስማሙት እንደ ቫሳሬሊ ያሉ፣ ሥራቸው እንዲባዛ ራሳቸው የፈለጉ ሰዓሊዎች ናቸው። በአውሮፓ ግን ቫሳሬሊ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ስላረፈ የቅጂ መብቱ እስከ 2067 መጨረሻ የተጠበቀ ነው፤ በ1944 ያረፈው የሞንድሪያን እዚያ አብቅቷል።

ስለ ውፍረት ወደተነገረው ሁለተኛ አባባል ስንመጣ፣ አክሪሊክ ከመስታወት በግማሽ ያህል ይቀላል፤ 100 በ70 ሳንቲ ሜትር፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 4.2 ኪሎ ገደማ ነው። በቀላሉ አይሰበርም፤ በቀላሉ ግን ይጫጫራል፤ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃም ያበላሸዋል። ውፍረቱ ለዓይን ጥልቀት ይሰጣል እንጂ የቀለሙን ዕድሜ የሚወስኑት የቀለሙ ዓይነትና የሚያርፍበት ብርሃን ናቸው። «አልትራቫዮሌት ይከላከላል» መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚታየውም ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አይመረጥም። ህትመቱ በወረቀት ወጥቶ ከአክሪሊኩ ጀርባ የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሳይጎዱ መለያየት አዳጋች ስለሆነ፣ ፊቱ ሲጫጫር ሥዕሉም አብሮ ይበላሻል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከዚያው ፋይል ትልቁን ጥቁርና ቀጭኑን ሰያፍ መስመር የያዘ የመዳፍ ስፋት ያህል ናሙና አሳትሞ፣ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ይዞ ማየት ነው፤ አንጸባራቂ ጥቁር ከመስኮት ትይዩ ሲሆን የሚያሳየው መስኮቱን ነውና።