አኳፖኒክስ በመኖሪያ ቤት፦ የአነስተኛ ሥርዓት ዕቅድ

አኳፖኒክስ የዓሣ እርባታንና ያለ አፈር የሚካሄድ የአትክልት ልማትን በአንድ ውኃ የሚያገናኝ ዘዴ ነው። ዓሦቹ የሚኖሩበት ውኃ በፓምፕ ተስቦ ወደ አትክልቱ መደብ ይወጣል፤ በሥሮቹ መካከል አልፎ ከተጣራ በኋላ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይወርዳል። በተለመደው የዓሣ እርባታ የሚደፋው ቆሻሻ ውኃ እዚህ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል፤ አትክልቱም በተራው ውኃውን ለዓሣው ያጸዳል። ከሥርዓቱ የሚጎድለው ውኃ በትነትና በቅጠሎች በኩል የሚወጣው ብቻ በመሆኑ በቀን የሚጨመረው ከጠቅላላው ከ1 እስከ 3 በመቶ አይበልጥም።

ዘዴው የዛሬ መልኩን የያዘው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረጉ ምርምሮች ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርክ ማክመርትሪ የዓሣ ገንዳን ከአሸዋ መደብ ጋር ሲያያይዝ፣ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጄምስ ራኮሲ ተክሎች በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ሰሌዳ ተተክለው የሚያድጉበትን ሥርዓት አዳበረ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2014 ስለ አነስተኛ አኳፖኒክስ ሰፊ መመሪያ አሳትሟል።

ዓሣ፣ ባክቴሪያና ተክል

ዓሣ ከሚበላው ፕሮቲን የሚተርፈው ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣን ይመርዛል፤ ውኃው ሲሞቅና ፒኤቹ ከፍ ሲል ጉዳቱ ይብሳል። ናይትሮሶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን እንዲያጣ ስለሚያደርግ መርዝ ነው። ናይትሮባክተርና ናይትሮስፒራ የተባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ዓሣ በብዙ መጠን የሚችለው፣ ተክል ደግሞ አጥብቆ የሚፈልገው ምግብ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በጠጠር፣ በቧንቧና በገንዳ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ የሥርዓቱ አቅም የሚወሰነው በገንዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያ ሊያርፍበት በሚችለው የገጽ ስፋትም ጭምር ነው። ሦስቱ ነዋሪዎች የሚስማማቸው የውኃ ጠባይም አንድ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ ፒኤቹ ከ7 በላይ ሲሆን ይበረታሉ፤ አብዛኞቹ ተክሎች ግን ከ5.5 እስከ 6.5 ያለውን ይመርጣሉ። ሁሉንም የሚያስማማው ከ6 እስከ 7 ያለው ክልል ነው።

ቦታና ሙቀት

ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እርጥብ ጠጠር የሞላው መደብና መቆሚያው ሲጨመሩ ጠቅላላው ክብደት ወደ 400 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለውን ጭነት በረንዳ ላይ ማሳረፍ አደገኛ ነው። የተሻለው ቦታ በምድር ቤት ወለል ላይ ነው፤ ከፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ በባለሙያ ታይቶ፣ ጭነት በሚሸከም ግድግዳ አጠገብ መሆን አለበት።

ተክሉ ብርሃን ይፈልጋል፤ የዓሣው ገንዳ ግን ጥላ ያስፈልገዋል። ብርሃን የሚያገኝ ውኃ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ አልጌው የተክሉን ምግብ ይሻማል፣ ማታ ማታም ኦክስጅን ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት ገንዳው ብርሃን የማያሳልፍና ክዳን ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ክዳኑ ዓሣ ዘሎ እንዳይወጣም ይከላከላል። መደቡ በመስኮት አጠገብ ሆኖ ብርሃን ካነሰው፣ ቅጠላ ቅጠል በቀን ለ14 ሰዓት ያህል የሚበራ የኤልኢዲ መብራት ይበቃዋል።

የዓሣውን ዓይነት የሚወስነው የቤቱ ሙቀት ነው። በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ በፍጥነት የሚያድገው ውኃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። በድሬዳዋ ወይም በአርባ ምንጭ ይህን ማግኘት አይከብድም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ያለ ማሞቂያ የተቀመጠ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚሆን ቆሮሶ ምግብ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጓተታል። ለእንዲህ ያለው ቤት ቅዝቃዜን የሚችለው ካርፕ ይስማማል፤ ዋናው ዓላማ አትክልት ከሆነ ደግሞ ለጌጥ የሚረባው ወርቃማ ዓሣ በቂ ነው። ገንዳውን በፎም መሸፈንም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያለዝባል።

መጠኑ ከመኖ ይነሣል

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ገንዳ በመግዛት ነው። ትክክለኛው መነሻ ግን በየቀኑ የሚሰጠው መኖ ነው፤ ወደ ሥርዓቱ የሚገባው ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚመጣው ከእርሱ ነውና። በፋኦ መመሪያ መሠረት አንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ይፈልጋል፤ እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉ ፍሬ የሚሰጡ ተክሎች ደግሞ ከ50 እስከ 80 ግራም።

ለአንድ ቤተሰብ ሰላጣ፣ ቆስጣና በሶብላ የሚሆን ግማሽ ካሬ ሜትር መደብ ቢታሰብ፣ በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም መኖ ያስፈልገዋል። ያደገ ዓሣ በቀን ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ስለሚበላ፣ ይህን መኖ የሚጨርሰው 2 ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 250 ግራም የሚመዝኑ ስምንት ዓሦች ማለት ነው። ለጀማሪ በ1,000 ሊትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ዓሣ ከፍተኛው ልክ ስለሆነ፣ ለ2 ኪሎ ግራም 200 ሊትር ገንዳ ይበቃል። ከመኖ የተነሣው ስሌት በዚህ መንገድ ገንዳው ላይ ይደርሳል።

መደቡ፣ ፓምፑና ሲፎኑ

ለቤት በጣም የሚመቸው የጠጠር መደብ ነው፤ ጠጠሩ የተክል መቆሚያ፣ የባክቴሪያ ማደሪያና የቆሻሻ ማጣሪያ ሆኖ ሦስት ሥራ ይሠራል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የጠጠሩ መጠንም ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በግንባታ ሥራ ሬድ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላልና ባለ ብዙ ቀዳዳ በመሆኑ ለባክቴሪያ ሰፊ ገጽ ይሰጣል፤ አቧራው እስኪለቅ ደጋግሞ መታጠብ ግን አለበት። ሌላ ጠጠር ከተመረጠ ኮምጣጤ ጠብ ተደርጎበት ይፈተናል፤ አረፋ ካወጣ ኖራማ ድንጋይ ስለሆነ የውኃውን ፒኤች ከልክ በላይ ያንረዋል።

ፓምፑ ከገንዳው ያላነሰ ውኃ በሰዓት ማዞር አለበት። ፓምፕ ውኃ ወደ ላይ በገፋ ቁጥር አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የሚገዛው በመደቡ ከፍታ ላይ 200 ሊትር በሰዓት መስጠት የሚችለው ነው። ወደ መደቡ የወጣው ውኃ እየሞላ ሄዶ፣ ከጠጠሩ ገጽ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ደወል በተደፋው ሲፎን አፋፍ ላይ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ በሲፎኑ ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ይወጣና ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይንዶለዶላል፤ ታች ሲደርስ አየር ገብቶ ፍሰቱ ይቋረጣል፣ መደቡም እንደገና መሙላት ይጀምራል። ሥሮቹ በየተራ ውኃም አየርም የሚያገኙት በዚህ ነው። በዚህ ምሳሌ መደቡ ሲሞላ 50 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ የገንዳው ሩብ ማለት ነው። ስለዚህ ፓምፑና ዓሦቹ ውኃ እንዳያጥራቸው የገንዳው ከፍታ ይህ ተቀንሶ ይታሰባል።

ከውኃ ፓምፑ ሌላ አነስተኛ የአየር ፓምፕ የግድ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓሣ የበዛበት ገንዳ አየር ካጣ ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ ይደርሳልና። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ከውኃው ከፍ ብሎ ይሰቀላል።

ሥርዓቱን ማስጀመር

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው አየር እየተነፋበት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ከዚያም ዓሣ ሳይገባ ጥቂት መኖ ወይም ንጹሕ አሞኒያ ተጨምሮበት ባክቴሪያው እንዲራባ ይጠበቃል። በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ እርሱ ሲወርድ ናይትራይት ይከተላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ዜሮ ሲጠጉ ናይትሬት ይታያል። ይህ በሞቃት ውኃ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት የሚፈጅ ሲሆን በቀዝቃዛ ውኃ ይረዝማል። ዓሣ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ለአዲስ ገንዳ ዓሣ ማለቅ ዋናው ምክንያት ይህን ጊዜ አለመጠበቅ ነው።

እንክብካቤና ምርት

በየቀኑ ዓሦቹ ሲበሉ ይታያሉ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ይወጣል። ፒኤች፣ አሞኒያና ናይትራይት በየሳምንቱ ይለካሉ። የባክቴሪያዎቹ ሥራ አሲድ ስለሚፈጥር ፒኤቹ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ከ6 በታች እንዳይሄድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ፖታሲየም ካርቦኔት እያፈራረቁ በጥቂቱ መጨመር ሁለት ጥቅም አለው፤ ሁለቱም በዓሣ መኖ ውስጥ የሚያንሱትን ካልሲየምና ፖታሲየም ለተክሉ ያቀርባሉና። አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አንሷል ማለት ነው፤ ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ቺሌትድ ብረት ይጨመራል። የተባይ መድኃኒት ዓሣውን፣ የዓሣ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያውን ስለሚጎዱ ተባይ በእጅ ይለቀማል ወይም በውኃ ይታጠባል።

ሰላጣ ችግኙ ከተተከለ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፤ ግማሽ ካሬ ሜትር አሥር ያህል ራስ ይይዛል። ሁሉንም በአንድ ቀን መንቀል ግን ውኃውን ያለ አጣሪ ያስቀረዋል፤ ዓሣውንም በአንድ ጊዜ ማውጣት አትክልቱን ያስርበዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ራስ ተነቅሎ በቦታው ችግኝ ይተካል፤ ትልቅ ዓሣ ሲወጣም ትንንሽ ይገባል። በዚህ መንገድ የቀኑ መኖና የመደቡ ስፋት ከመነሻው እንደታሰቡት ተመጣጥነው ይቆያሉ።