ጡረታ የወጡበት ቀን

ሰሞኑን አሰላ ነበርኩ። ከጭላሎ በሚወርደው ብርድ ጋቢውን የተከናነበው አባባ የባንክ ደብተሩን አቀበለኝና «እስቲ አስላልኝ፤ በማዕረግም በአገልግሎትም እኩያዬ ከሆነው ጓደኛዬ የኔ አበል ለምን አነሰ?» አለኝ። አባባ ሁሩታ፣ ሳጉሬና ቦቆጂ እየተዛወረ 30 ዓመት በፖሊስነት አገልግሏል። ጓደኛው ከእሱ ዘግይቶ ነው ጡረታ የወጣው። ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ መልሱን ላካፍላችሁ።

በጡረታ አዋጁ መሠረት መነሻው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚህ አማካይ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለፖሊስና ለመከላከያ አባል 1.65 በመቶ፣ ለሌላው የመንግሥት ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይደመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ 63 በመቶ ይደርሰዋል።

መቶኛው ለፖሊስ የተሻለ ነው። የአባባንና የጓደኛውን ልዩነት ያመጣው ግን አማካዩ ነው። ለምሳሌ አማካዩ 3,000 ብር የሆነ ሰው አበሉ 1,890 ብር ይሆናል። ደመወዙ ወደ 6,000 ብር ካደገ በኋላ 12 ወር ሠርቶ የወጣው፣ አማካዩ 4,000 ስለሚሆን 2,520 ብር ያገኛል። ሦስቱንም ዓመት በአዲሱ ደመወዝ የጨረሰው ደግሞ 3,780 ብር፤ የመጀመሪያውን እጥፍ። በመካከላቸው የተለየው ጡረታ የወጡበት ቀን ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው ሲከብድ፣ በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል። የጡረታ አበል ግን ደመወዝ ስለጨመረ ብቻ አብሮ አይጨምርም፤ መንግሥት ለብቻው መወሰን አለበት። እስከዚያ ጡረተኛው በድሮ ደመወዝ ስሌት የዛሬን ስንዴና ዘይት ይገዛል። ባል ሲሞት ለሚስት የሚተላለፈውም የዚያችው አበል 50 በመቶ ነው።

የሌሊት ተረኛ ሆኖ ከተማ የጠበቀ ሰው ቀድሞ በመውጣቱ ሊቀጣ አይገባም። ደመወዝ በተስተካከለ ቁጥር፣ ቀድሞ የወጣውም ጡረተኛ በማዕረጉና በአገልግሎት ዘመኑ ተሰልቶ አበሉ በዚያው ቀን ይስተካከልለት።