ስልክ ይዞ ድንበር መሻገር

ከጊንጪ እስከ አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ስልክ የያዘ ሰው «ደረስኩ» ለማለት አይቸገርም። *804# ነክቶ ቀሪ ሂሳቡን ያያል፤ ይደውላል፤ አለቀ። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው በሞያሌ ወደ ኬንያ ወይም በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ሲሻገር ነው። ትናንት በጥቂት ብር ያወራበት ስልክ በማግሥቱ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያነጋግር ሂሳቡን ጨርሶ ጭጭ ይላል። ቤት ያለች እናት ደግሞ ልጇን መንገድ ላይ ምን እንዳገኘው አታውቅም፤ ስትጨነቅ ታድራለች። ይህ ለምን ይሆናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞባይል ስልክ የሚሠራው በየአካባቢው ከተተከለው ማማ ጋር በአየር ሞገድ እየተገናኘ ነው። ድንበር ሲታለፍ ማማው የሌላ አገር ድርጅት ነው። ያ ድርጅት «ይህ እንግዳ የማን ደንበኛ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአገር ቤቱ ድርጅት «የእኔ ነው፤ አስተናግድልኝ፤ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ» ያለ እንደሆነ ስልኩ ይሠራል። ይህ አሠራር ሮሚንግ ይባላል። ታዲያ የመስተንግዶውን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው ማነው? ባለስልኩ ነዋ! ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሮሚንግ ላይ ሲደወልላችሁም ሊያስከፍል መቻሉን ነው። ጥሪው መጀመሪያ ወደ አገር ቤት ሄዶ ከዚያ እናንተ ወዳላችሁበት አገር ይላካል። የዚያን የሁለተኛውን መንገድ ዋጋ የሚችለው ተቀባዩ ነው።

የሞገድ ነገር ደግሞ ኬላ አያውቅም። ሞያሌ አንድ ከተማ ሆና ለሁለት አገር የተከፈለች ናት። አንድ ሰው በኢትዮጵያ በኩል ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ስልኩ የኬንያውን ማማ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ድንበር አካባቢ ከመደወል በፊት በስልኩ መስተዋት ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም ማንበብ ያሻል። ኢንተርኔት ያለው ስልክ ከሆነ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን መዝጋት ነው። አለዚያ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ስልኩ በራሱ ጊዜ ኢንተርኔት እየጎተተ ሂሳቡን ይጨርሳል።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው፤ በአገር ቤቱ ካርድ በሮሚንግ መቆየት፣ ወይም የሄዱበትን አገር ሲም ካርድ መግዛት። የትኛው ይረክሳል? ይህን በስሌት እንጂ በወሬ አይወስኑትም። ለምሳሌ ያህል ሮሚንግ በደቂቃ 30 ብር ነው እንበል፤ የአገሩ ካርድ ከነሂሳቡ 300 ብር ነው እንበል። ጅቡቲ ሁለት ቀን ጭነት ጭኖ የሚመለስ ሾፌር በጠቅላላው 6 ደቂቃ ቢያወራ 180 ብር ያወጣል። ለእርሱ አዲስ ካርድ መግዛት ኪሳራ ነው። ናይሮቢ 15 ቀን የሚቆይ ሰው ግን በቀን 3 ደቂቃ ቢያወራ 45 ደቂቃ ይሆናል፤ 1,350 ብር ማለት ነው። እርሱ ካርድ ይግዛ። ዋጋው ይለዋወጣልና ከመነሣታችሁ በፊት ትክክለኛውን ከድርጅቱ ጠይቃችሁ በዚሁ መንገድ አስሉ። ሮሚንግ እንዲከፈትላችሁ መጠየቅም ያለበት ገና አገር ቤት ሳላችሁ ነው።

ሳፋሪኮም በኬንያም አለ፤ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ በኢትዮጵያ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ዋጋውም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው፤ የኢትዮጵያው ካርድ ኬንያ ሲገባ እንግዳ ነው።

ካርድ የሚገዛ ሰው በራሱ ፓስፖርት ያስመዝግብ። እኔ አንድ ጊዜ ድንበር ላይ ከአንድ ሱቅ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ካርድ በርካሽ ገዝቼ በሦስተኛው ቀን ተዘጋብኝ። ሂሳቡም እዚያው ቀረ፤ ለማን አቤት ይባላል? የአገር ቤቱንም ካርድ አትጣሉት። ሁለት ካርድ የሚይዝ ስልክ ካላችሁ አንደኛው ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ የባንክ መልእክት የሚመጣው በእርሱ ነው።

ከናይሮቢ አልፎ ካምፓላ ወይም ኪጋሊ ለሚዘልቅ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ በ2007 ዓ.ም. ተስማምተው በመካከላቸው የሮሚንግን ዋጋ ቀንሰዋል፤ ጥሪ መቀበልም እንዳያስከፍል ወስነዋል። ስለዚህ ናይሮቢ ላይ የገዙትን ካርድ ካምፓላ ላይ ከመጣል በፊት ዋጋውን መጠየቅ ይበጃል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በሰኔ 2009 ዓ.ም. የእርስ በርሱን ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ አንሥተዋል። ኢትዮጵያ በምሥራቅ አፍሪካው ስምምነት ውስጥ የለችም።

በኢንተርኔት መደወል ከሁሉ ይረክሳል። ዓረብ አገር ያሉ እኅቶቻችን በኢሞ ሲያወሩ የሚያመሹት ለዚህ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን ኢንተርኔት ያለው ስልክ ይፈልጋል፤ የእማማ ስልክ ባለቁልፍ ከሆነ አይሆንም። ያን ጊዜ ጎረቤት ካለ ልጅ ጋር ሰዓት መቅጠር ነው። ዱባይ ያለ ሰው ደግሞ በዋትሳፕ ድምፅ ልደውል ቢል ይከለከላል፤ የአገሩ ሕግ ነው። ሰዓት ሲቀጥሩም ይጠንቀቁ። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ጅቡቲና ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 8 ብሎ ሊያሳይ ይችላል። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ቋንቋቸውን ለሚሞክር ሰው ይህ አያሳስተውም።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ባትሪም ያልቃል። የቤታችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ። ከውጭ አገር ሲደወል መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ይወጣና በቦታው +251 ይገባል። 09 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር +2519 ይሆናል ማለት ነው። የመደመር ምልክቱ በብዙ ስልኮች ላይ የዜሮን ቁልፍ ተጭኖ በመቆየት ይገኛል። ይህንኑ ከመነሣታችሁ በፊት እዚሁ ጊንጪ ሆናችሁ ሞክሩት፤ +251 ብላችሁ ወደ ቤት ደውሉ፤ ከአገር ውስጥም ይሠራል።